ቁም ሳጥን ውስጥ የተደበቀው ጡጦ

«ልጄ ሦስት ወሩ ነው። በኦፕሬሽን ነው የወለድኩት። እሱ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል አምስት ቀን ሲቆይ እኔ ከአልጋ መነሳት አቅቶኝ ነበር፤ የዱቄት ወተት የጀመረው እዚያው ነው። ቤት ከገባን በኋላ ብዙ ሞከርኩ፣ ጡቴ አልበቃውም። ሐኪሙ ክብደቱን አይቶ ‹ሁለቱንም ስጪው› አለኝ። አማቴ አጥሚቱን፣ አብሹን ሲያጠጡኝ ከርመው አሁን ‹እኛ ሰባት ልጅ በጡት አሳድገናል፣ የዘንድሮ ሴት ጡቷ እንዳይወድቅ ነው› ይላሉ። የክርስትናው ዕለት ጡጦውን ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቅኩት። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር እደብቃለሁ። ባለፈው ወር ልጄ ተቅማጥ ይዞት ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኛ። በኔ ነው እያልኩ አለቅሳለሁ። ባለቤቴ ‹አንቺ እንዳልሽ› ከማለት ሌላ አይናገርም። መጥፎ እናት ነኝ?» (ከአዲስ አበባ)

እህቴ፣ ቢዘገይም እንኳን ማርያም ማረችሽ። ከደብዳቤሽ እንደገባኝ ስለ ጡትሽ የጠየቀሽ ሰው ብዙ ነው፣ ስለ ቁስልሽ የጠየቀሽ ግን የለም።

መጥፎ እናት አይደለሽም። ይህን ብልሽም እንደማታምኚኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዓይኔ ወደ ቀረበት ወደ ቁም ሳጥኑ ልሂድ።

ፀፀት «ያን ባላደርግ ኖሮ» ይላል፤ የሠራነውን ነው የሚወቅሰው፣ ስለዚህ ይታረማል። ሀፍረት ግን የሚወቅሰው እኛን ራሳችንን ነው። ያፈረ ሰው ደግሞ ይደብቃል፣ የደበቀም አይጠይቅም። ወተቱ እንዴት እንደሚበጠበጥ ነርሷን ቁጭ ብለሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? አልጠየቅሽ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። የዱቄት ወተት ከጀርም የጸዳ አይደለም። ውሃው ከፈላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው፣ ገና ትኩስ እያለ ይበጠበጣል፤ ከዚያ በርዶ ይሰጣል። ልኩ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ነው። ዋጋው ስለሚያማርር አቅጥነው የሚያጠጡ አሉ፤ ይህ ልጁን ይጎዳል። የተበጠበጠ ወተት ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዓት ከቆየ ይደፋል። ቁም ሳጥን የገባ ጡጦ ግን ሰዓቱን ማን ይቆጥርለታል? እንግዳው ቡናውን እስከ ሦስተኛው ጠጥቶ እስኪሄድ ስንት ሰዓት ነው?

ይህን የምልሽ አዲስ ጥፋት ልጨምርልሽ አይደለም። የልጅሽ ተቅማጥ ከምን እንደመጣ እኔ ከዚህ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም፤ በጡት ብቻ የሚያድግም ሕፃን ተቅማጥ ይይዘዋል። ግን ጡጦው ከዛሬ ጀምሮ ኩሽና መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።

እስከ 6 ወር ጡት ብቻ የሚለው ምክር ልክ ነው፣ አልክደውም። ቢሆንም አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 59 በመቶ ነበሩ። ከአሥሩ አራቱ ሌላም ነገር ይቀምሳሉ ማለት ነው። ብቻሽን አይደለሽም። (አማትሽም ቢሆኑ፣ ያኔ አራስ ልጅ ቅቤ ይልስ እንደነበር ረስተውት እንዳይሆን!)

በኦፕሬሽን ወልዳ ከልጇ የተለየች እናት ወተቷ ቢዘገይ የተለመደ ነው። ጡት የሚያመርተው በተጠባ ቁጥር ነው። ጭንቀት ደግሞ ያለውም ወተት ቶሎ እንዳይወርድ ያደርጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጡቱን ስጪው፣ ጡጦው ይከተል፣ ሌሊትም አጥቢው። ትንሽም ብትሆን ከጡትሽ የሚያገኛት ትጠቅመዋለች። «ሙሉ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው» የሚለውን ተይው።

አማትሽ ያን ሁሉ አጥሚት ያፈሉልሽ ሴት ናቸው። ጠላትሽ አይመስሉኝም፤ ለልጅ ልጃቸው ፈርተው ፍርሃታቸው በነገር ይወጣል። ነገሩን ግን አንቺ አትመልሺላቸው። ይህ የባለቤትሽ ሥራ ነው፣ እናቱ ናቸው። «እማዬ፣ ሐኪሙ ነው ሁለቱንም ስጡት ያለን፣ ተስማምተን ነው» ይበላቸው። «አንቺ እንዳልሽ» ማለቱ ለሱ አክብሮት ሳይመስለው አይቀርም፤ ላንቺ ግን ሸክሙን ሁሉ ጥሎብሽ መሄድ ነው። ይህንኑ ንገሪው። አንቺ ደግሞ ጡጦውን አማትሽን አስይዣቸውና «እርስዎ ያጠጡልኝ፣ እኔ ጋደም ልበል» በያቸው። ልጁ እጃቸው ላይ ሆኖ ሲጠጣ ካዩት ብዙ ነገር ይለዝባል።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። ለቅሶው ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ እንቢ ካለሽ፣ ምንም ነገር ደስ ካላሰኘሽ፣ ይህ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ሕክምና አለው፣ እያጠቡም ይታከሙታል። ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀን አትቁጠሪ፤ ለባለቤትሽ ነግረሽ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

የ14ኛ ሳምንት ክትባቱ ደርሷል አይደል? ባለቤትሽ አብሮሽ ይምጣ። ልጁ ሲመዘን ካርዱ ላይ ያለውን የክብደት መስመር እሱም በዓይኑ ይየው። ነርሷን ስለ ወተቱ አበጣጠብ ጠይቂያት። ስለ ለቅሶሽም፣ እዚያው፣ እሱ እየሰማ።