«እናታችን እምቢ አሉ፤ ወንድሜ ይፈርም?»

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመታቸው ነው። ስኳር አለባቸው። የግራ እግራቸው አውራ ጣት ቆስሎ ጠቁሯል። ሐኪሙ ጣቱ መቆረጥ አለበት ይላል። እሳቸው ግን «እግሬን አታስቆርጡኝ» ብለው እምቢ አሉ። ከሦስት ቀን ወዲህ ማታ ማታ ይቀባዥራሉ፤ ነፍሱን ይማረውና አባቴን ይጣራሉ። ጠዋት ደህና ናቸው። ታላቅ ወንድሜ «አእምሯቸው ልክ አይደለም፣ እኔ እፈርማለሁ» ይላል። ይችላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ስለ ማታው መቀባዠር ዛሬውኑ ለሐኪሙ ንገሪው። በዕድሜ የገፋ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ እንዲህ ሲሆን፣ ጠዋት ነቅቶ ማታ ሲጠፋበት፣ «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍም። የቁስሉ ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውጣት ወይም መውረድ፣ የሰውነት ውሃ ማነስ፣ አንዳንዴም መድኃኒት ያመጣዋል። ምክንያቱ ሲታከም ብዙ ጊዜ ይለቃል።

ወደ ፊርማው ልምጣ። እናትሽ ራሳቸው መወሰን ከቻሉ የልጅም ፊርማ የእሳቸውን አይተካም። መወሰን ይችላሉ የሚባለው የተነገራቸው ከገባቸው፣ እስኪወስኑ ድረስ ካልረሱት፣ ቢቆረጥም ባይቆረጥም የሚመጣውን መዝነው መልሳቸውን ማሳወቅ ከቻሉ ነው። ይህ አቅም ደግሞ እንደ ጉዳዩና እንደ ሰዓቱ ይለያያል። ማታ ያልቻሉትን ጠዋት ይችሉት ይሆናል። ስለዚህ በጠዋት ይጠየቁ።

እምቢ ማለታቸው ብቻውን የአእምሮ መታወክ ማስረጃ አይሆንም። እሺ ቢሉ ኖሮ ወንድምሽ አእምሯቸውን ይጠራጠር ነበር? በ1993 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ አንድ የ68 ዓመት ሰው እግሩን ጋንግሪን፣ ማለትም ሥጋው የሚሞትበት ሕመም፣ ያዘው። ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም ነበረበት፤ ታላቅ ሐኪም ነኝ ብሎም ያምን ነበር። ከጉልበት በታች ካልተቆረጠ የመሞት ዕድሉ ሰፊ ነው ቢባልም እምቢ አለ። ፍርድ ቤቱ ስለ እግሩ የተነገረው ገብቶታል፣ መዝኖታልም፤ ያለ ፈቃዱ አይቆረጥም ሲል ወሰነ።

ነርስ ሆኜ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስሠራ አንድ አባት ካርዳቸው ላይ «የሚነገራቸውን አይረዱም» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። ለሁሉም ጥያቄ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። የመስሚያ መሣሪያቸው ልጃቸው ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ እንዳይጠፋ ብላ በመሀረብ ጠቅልላዋለች። ጆሯቸው ላይ ሳደርግላቸው ወዲያው ቀና አሉና «ለመሆኑ ምንድነው የምታደርጉኝ?» አሉኝ። ያን ቀን ሁላችንም አፈርን። ከዚያ ወዲህ ፎርም ከማቅረቤ በፊት መነጽሩንና መስሚያውን እፈልጋለሁ። ካስረዳሁ በኋላም «ገባዎት?» አልልም። «ቤት ሲሄዱ ለልጅዎ እንዴት አድርገው ይነግሯታል?» እላለሁ። መልሱ ሁሉን ያሳያል።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሐኪሙ «ጣት» ይላል፤ እናትሽ «እግሬን» ይላሉ። እሳቸው ሙሉ እግራቸው የሚቆረጥ መስሏቸው ቢሆንስ? ይህንን ሳያጣሩ እምቢታቸውን እንደ መጨረሻ ቃል መውሰድም ልክ አይደለም።

በደንብ ተብራርቶላቸውም መወሰን ካቃታቸው፣ በምትካቸው ማን እንደሚወስን የየአገሩ ሕግ ይለያያል። ያኔም ቢሆን ወንድምሽ የሚጠየቀው «እናታችን ቢችሉ ምን ይሉ ነበር?» ተብሎ ነው። ራሳቸውን ስተው ሕይወታቸው አደጋ ላይ ከወደቀና አስቀድመው ያሳወቁት እምቢታ ከሌለ፣ ሐኪም ፊርማ አይጠብቅም።

አሁን ግን ጠዋት ይነጋገሩ። ሐኪሙ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የቱ ጋ እንደሚቆረጥ በጣቱ ያሳያቸው። ባይቆረጥ ኢንፌክሽኑ ወደ ላይ ሊወጣ እንደሚችል፣ ሌላ አማራጭ ካለም እሱን ይንገራቸው። ወንድምሽም ይኑር፤ ግን በእሳቸው ፋንታ አይመልስ። ከዚያ ምን እንደሚፈሩ አንቺ ጠይቂያቸው፤ ዝም ቢሉም ጠብቂያቸው።