የጦር ሰፈሩ ከተዘጋ ወንድሜ ምን ይሁን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ነው። ወንድሜ አሜሪካ ውስጥ ከአንድ የጦር ሰፈር በር ፊት ለፊት ምግብ ቤት አለው። «ሰፈሩ ሊዘጋ ነው» የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር እየደወለ ይጨነቃል። መንግሥት የማይፈልገውን ሰፈር ቢዘጋ ምን ያከራክራል? ወንድሜስ ሸጦ ይውጣ?

መልስ፦ እህቴ፣ የወንድምዎ ጭንቀት የዋዛ አይደለም። እኛ ጋ የቡና ገበያ ሲቀዘቅዝ ባጃጅ ነጂውም ጉሊት ቸርቻሪዋም ይሰማቸዋል። የጦር ሰፈር ያለበት ከተማም እንደዚያው ነው። ስለዚህ የትኛውም የምክር ቤት አባል የራሱ አካባቢ ሰፈር እንዲዘጋ እጁን አያወጣም።

አሜሪካኖቹ ለዚህ መላ አበጁ። መከላከያው የሚዘጉትን ዝርዝር ያቀርባል፤ ገለልተኛ ኮሚሽን መርምሮ ያስተካክለዋል፤ ምክር ቤቱ ወይ እንዳለ ይቀበላል ወይ እንዳለ ይጥላል። እንዲህ እያሉ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2005 አምስት ዙር ዘጉ። ከዚያ ወዲህ መከላከያው ደጋግሞ ቢጠይቅም ምክር ቤቱ እሺ አላለም። የመጨረሻው ዙር 21 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል ተብሎ 35 ቢሊዮን መብላቱ ብዙዎችን አስኮርፏል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን መሬቱ ነው። ቴክሳስ፣ ኦስቲን የነበረው የበርግስትሮም አየር ኃይል ሰፈር በ1993 ተዘጋ። 3.7 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ማኮብኮቢያ ነበረው። ከተማው አዲስ ኤርፖርት አጥብቆ ይፈልግ ስለነበር በ1999 እዚያው መንገደኛ ማስተናገድ ጀመረ። በሜይን ግዛት፣ ካናዳ ድንበር አጠገብ ያለው ሎሪንግም ትልቅ ማኮብኮቢያ ነበረው። በ1994 ሲዘጋ ግን በአቅራቢያው ትልቅ ከተማ የለም። በ1990 ወደ 9,900 ሰው የነበራት፣ ሰፈሩ የሚገኝባት ላይምስቶን በ2000 ወደ 2,400 ወረደች። በዚህ በጣም አዝናለሁ። አላስፈላጊ ሰፈር ይዘጋ እላለሁ፤ መሬቱ ምን እንደሚሆን ሳይታሰብ መዝጋት ግን በሕዝብ ላይ መፍረድ ነው። ጽዳቱም አለ። ካሊፎርኒያ የሚገኘው ፎርት ኦርድ በ1994 ተዘግቶ በዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተበት፤ ያልፈነዳ ተተኳሽ መልቀሙ ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ቀጥሏል።

ወንድምዎ በወሬ ብቻ እንዳይሸጥ ይንገሩልኝ። ዝርዝር ውስጥ መግባትም መዘጋት ማለት አይደለም፤ በ2005 በሳውዝ ዳኮታ ግዛት ያለው የኤልስዎርዝ አየር ኃይል ሰፈር መከላከያው ባቀረበው ዝርዝር ገብቶ ነበር፣ ኮሚሽኑ አወጣው። በዚያው ዙር ውሳኔውን ለመፈጸም የተሰጠው ጊዜ ስድስት ዓመት ነበር። ነገሩ እስኪለይ ረጅም የኪራይ ውል አይፈርም፤ ከሰፈሩ ውጪ የሚመጣ ደንበኛም ካሁኑ ይያዝ። ከተማው ስለ መሬቱ ስብሰባ ከጠራ ደግሞ አይቅር፣ ሄዶ ይናገር።