እሳቱ ከመለኮሱ በፊት፦ ማድቤት ለምትገቡ ዓይነ ስውራን ወጣቶች

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ከአዳሪ ትምህርት ቤትና ከዩኒቨርሲቲ ካፌ ወጥታችሁ፣ ሥራ ይዛችሁ፣ አንድ ክፍል ቤት ለተከራያችሁ ነው። እናታችሁ ቤት ሆናችሁ «አንተ ተቀመጥ፣ ይፈጅሃል»፣ «አንቺ ተይው፣ እኔ እሠራዋለሁ» እየተባላችሁ ምድጃ ሳትጠጉ ላደጋችሁም ነው። ምንም የማይታያችሁም ጥቂት የሚታያችሁም፣ ወንዶችም ሴቶችም አንብቡት። ባለሙያ የሚያሰኘው እጅ፣ ጆሮና አፍንጫ የሚነግሩንን መለየት ነው፤ ያም በልምምድ ይገኛል።

ማድቤት ውስጥ ሰው የሚቃጠለው ብዙውን ጊዜ እሳት በርቶ ሳለ ዕቃ ሲፈልግ ነው። ዘይቱ ግሏል፣ በርበሬው የት እንዳለ አልታወቀም፣ አንዱ እጅ መደርደሪያ ሲዳብስ ክርን የድስቱን እጀታ ይመታል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ አንድ ልማድ ያዙ፦ በቀዝቃዛ ሊሠራ የሚችል ሥራ ሁሉ በቀዝቃዛ ይለቅ። ሽንኩርቱ ይከተፍ፣ በርበሬው በትንሽ ሳህን ይለካ፣ ዘይቱና ውሃው በየኩባያቸው ይቀዱ። እነዚህን ጠርዝ ባለው ትሪ ላይ ወደ ድስቱ በሚገቡበት ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ ደርድሯቸው፤ የተጠቀማችሁበትን ባዶ ዕቃ ከትሪው አውጡ። እንዲህ ስታደርጉ «በርበሬ ጨምሬያለሁ ወይስ አልጨመርኩም?» የሚል ጥርጣሬ አይኖርም፤ ትሪው ይነግራችኋል። ድስቱንም ገና ባልሞቀ ምድጃ ላይ ጥዳችሁ መሀል መሆኑን በሁለት እጅ ዙሪያውን ፈትሹ፤ እጀታው ወደ ደረታችሁ ሳይሆን ወደ ጎን ይዙር። እሳት የሚለኮሰው ከዚህ በኋላ ነው። ምድጃው ከጋለ በኋላ ድስቱ የተንሸራተተ ከመሰላችሁ በእንጨት ማማሰያ የድስቱን ግርጌ ዙሩት፤ በእጅ አይፈተሽም።

ስለ ዕቃ ምልክት አጭር ነገር ልበል። ጨው ምንም የሌለው ብልቃጥ፣ ስኳር አንድ ላስቲክ የታሰረበት፣ በርበሬ ሁለት፣ ሚጥሚጣ ሦስት ቢሆኑ ይበቃል። ብሬል የምታነቡ በወፍራም ወረቀት ጽፋችሁ በክር ብታንጠለጥሉት ዕቃው ሲቀየር ይዛወራል። በርበሬን አፍንጫችሁን ብልቃጡ አፍ ላይ ደቅናችሁ አትሽትቱ፤ ከዚህ ይልቅ ክዳኑን ራቅ አድርጋችሁ አሽትቱ። አንድ ነገር ግን በምልክት ብቻ አይታለፍም። በየሰፈሩ በረኪና የሚሸጠው ባዶ የውሃ ላስቲክ ውስጥ እየተሞላ ነው፤ ነጭ ጋዝም እንዲሁ። ቅርጹ ከመጠጥ ውሃ አይለይም። በረኪናና ነጭ ጋዝ ማድቤት ውስጥ ጨርሶ አይቀመጡ፤ ሌላ ክፍል፣ መሬት ላይ፣ በባልዲ ውስጥ ይሁኑ። አብሯችሁ የሚኖር ሰው ይህን ካልጠበቀ በዚህ ጉዳይ አትሸነፉለት።

አሁን ቢላ። ስለታም ቢላ ግዙ። ዱልዱም ቢላ ጉልበት ስለሚፈልግ ተንሸራትቶ ጣት ላይ ያርፋል። ከመክተፊያው ሥር እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ። ሽንኩርቱን ጫፉን ብቻ ቁረጡ፤ ሥሩን ተዉት፤ ምክንያቱም ቅጠሎቹን አንድ ላይ የሚይዛቸው እሱ ነው። ለሁለት ስትከፍሉ አውራ ጣታችሁን በአንድ ጎን፣ ሌሎቹን ጣቶች በሌላው ጎን አድርጋችሁ በሽንኩርቱ ላይ ድልድይ ሥሩ፤ ቢላው በድልድዩ ሥር ይገባል። ልጣጩን አንሱና ጠፍጣፋውን ጎን ወደ ታች አስተኙ፤ የተኛ ሽንኩርት አይንከባለልም። ከዚያ የያዘው እጅ ጣቶች ወደ ውስጥ ይታጠፉ፣ ጫፎቻቸው ይደበቁ፣ አንጓዎቹ ወደ ፊት ይውጡ። የቢላው ጎን አንጓዎቹን እየታከከ ይወርዳል። አንጓ ወደ ኋላ በሸሸ መጠን የክትፈቱ ውፍረት ይወሰናል፤ ስለዚህ ቢላውን የሚመራው አንጓው ነው። ቢላው ከአንጓው በላይ ከፍ ካለ መንገዱን ስቷል ማለት ነው፤ ቆም በሉና እንደገና አስነኩት። ክትፈቱ መድቀቁን ለማወቅ ቆንጥራችሁ በሁለት ጣት መሀል አሹት፤ ትልልቁ ወዲያው ይለያል።

ቢላ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይረፍ፦ ከመክተፊያው ማዶ፣ ስለቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ። ስትፈልጉት ክፍት መዳፍ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የእጃችሁን ጀርባ ጠረጴዛው ላይ እያስታከካችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ እጀታው ድረሱ። የሳሙና ውሃ ውስጥ ደግሞ ቢላ አይዘፈዘፍም። ለብቻው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ወዲያው ቦታው ይመለሳል።

ቁሌቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት እሱን ነው፤ ለጆሮ የሚነግረው ግን ከማናቸውም ሥራ ይበልጣል። ለአንድ ኩባያ የምስር ክክ ሦስት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ ሩብ ኩባያ ዘይት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ከሦስት እስከ አራት ኩባያ ውሃ አዘጋጁ። ምስሩን አስቀድማችሁ በብረት ትሪ ላይ በትኑት። ጠጠር ትሪውን ሲነካ ይንቃጨላል፤ በጣት ሲታሽም ይከብዳል። ሲታጠብ ደግሞ በብዙ ውሃ አዙራችሁ ምስሩን ከውሃው ጋር ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ፤ የቀረ ጠጠር ታች ይዘቅጣል።

ሽንኩርቱ በመካከለኛ እሳት ያለ ዘይት ይገባል። መጀመሪያ ቸስ ይላል። ውሃው ሲወጣ ድምፁ ወደ እርጥብ መንተክተክ ይለወጣል። አሥር ደቂቃ ገደማ ሲሆን መንተክተኩ ይሳሳል፣ ማማሰያው ታች ላይ መያዝ ይጀምራል፣ ዓይን የሚያስለቅሰው ሽታም ጠፍቶ ጣፋጭ ጣፋጭ ይላል። ዘይት የሚገባው ያን ጊዜ ነው፤ ኩባያውን የድስቱን ከንፈር አስነክታችሁ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። ከከፍታ የተጣለ ዘይት ይረጫል። ስታማስሉ መጀመሪያ ጠርዙን ዙሩ፣ ከዚያ መሀሉን መስቀለኛ አቋርጡ። መሀል ብቻ የሚማሰል ድስት በጎኑ ያርራል።

በርበሬ ከመግባቱ በፊት እሳቱን ቀንሱ፤ ግማሽ ኩባያ ውሃና ማንኪያ በቀኝ በኩል ይቁም። በርበሬው በአንድ ጊዜ ይግባና ወዲያው ሁለት ማንኪያ ውሃ ይከተለው። ጉሮሮ ቧጥጦ ካስሳላችሁ እየተቃጠለ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የኤሌክትሪክ ምድጃውን ማጥፋት ይበቃል ብሎ ነው፤ ሽቦው ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ እንደጋለ ይቆያል። ድስቱን በሁለት ጨርቅ አንስታችሁ ከእሳቱ አውርዱት፤ የምታወርዱበት ቦታም አስቀድሞ ባዶ መሆን አለበት። በርበሬው አንዴ ከመረረ ወጡን የሚያድነው ነገር የለም፤ ደፍቶ መጀመር ይሻላል።

የሚያዩ ሰዎች «ዘይቱ ወጣ ወይ?» ብለው ያያሉ። እናንተ ስሙት። ውሃ ያለበት ቁሌት ትልልቅ አረፋ እያወጣ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ደቃቅ፣ የማያቋርጥ የመጥበስ ድምፅ ይሆናል። ያን ስትሰሙ አንድ ማንኪያ ውሃ ጨምሩ፤ ድምፁ ተመልሶ ይረጥባል። ይህን ለአሥራ አምስት ደቂቃ እየደጋገማችሁ አቁላሉ። ማማሰያው ታች ላይ ሸካራ ቦታ ካገኘ አርሯል፤ አትፋቁት። ላይኛውን ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ፣ ያረረው እዚያው ይቅር። ቁሌቱ ሲደርስ ምስሩንና የተቀረውን ውሃ ጨምሩ፤ መብሰሉን ጥቂት በማንኪያ አውጥታችሁ አቀዝቅዛችሁ በጣት ፍረጡት። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ከድስቱ ርቆ በሻይ ማንኪያ ተለክቶ ይጨመር። ድስቱ ላይ ሆኖ መለካት ለእንፋሎቱም ለጨውነቱም አይበጅም።

ሽሮ የሚፈላ ውሃ ላይ እየበተኑ ማማሰል የቆየ መንገድ ነው፤ ለእናንተ ግን እኔ አልመክረውም። አንድ ኩባያ ሽሮ ከአራት ኩባያ ውሃ ግማሹ ውስጥ በቀዝቃዛው በጥብጡትና ጓጓላውን በጣታችሁ አፍርሱ። የተቀረው ውሃ ከቁሌቱ ጋር ሲፈላ ብጥብጡን በቀጭኑ አንቆርቁሩ። ሽሮ ሲወፍር ይፈናጠራል፣ ቆዳ ላይ ሲያርፍም ይጣበቃል፤ ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ፣ እጀታው ረጅም በሆነ ማማሰያ አማስሉ።

ስለ እሳቱ ዓይነት። የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ መብራት በመሀል ከሄደ፣ ማብሪያውን ዜሮ ላይ መልሳችሁ ሶኬቱን ንቀሉ። የማያይ ሰው ምድጃው ጠፍቶ ይሁን መብራቱ ሄዶ አይለይም፤ ማታ መብራት ሲመጣ የተረሳው ድስት ይነድዳል። ማብሪያው ላይ «ዜሮ» እና «መካከለኛ» የሚሆኑበትን ቦታ በደረቀ ሙጫ ጠብታ ወይም በጥፍር ቀለም ጉብታ ምልክት አድርጉ። የሲሊንደር ጋዝ ከሆነ መለኮሻው ቀድሞ ይብራ፣ ጋዙ ቀጥሎ ይከፈት። በሦስት ሰከንድ ውስጥ ካልያዘ ዝጉና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ላይ ይተኛል፤ ጠዋት ከመለኮሳችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ አሽትቱ። ከሸተተ የሲሊንደሩን ቁልፍ ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ የመብራት ማብሪያ አትንኩ። ከሰል ግን በተዘጋ ክፍል በፍጹም። ጭሱ ከጠፋ በኋላ የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውምና አፍንጫችሁ አይታደጋችሁም።

እንጀራ። ትልቁን ምጣድ ለኋላ አቆዩት፤ በ30 ሳንቲ ሜትር የማይጣበቅ መጥበሻ ጀምሩ። ምጣዱ መጋሉን በጣት ጫፍ ውሃ ረጭታችሁ አዳምጡ። ቀስ ብሎ ከተንፏቀቀ ገና ነው፤ ወዲያው ጢስ ብሎ ከጠፋ ደርሷል። ሊጡን ሁልጊዜ በአንድ ኩባያ ለኩ፤ ውፍረቱ የሚዛባው በግምት ሲፈስ ነው። መሀል ላይ አፍስሳችሁ መጥበሻውን እያጋደላችሁ አዙሩት። ትልቁ ምጣድ ላይ ስትደርሱ ከዳር ጀምራችሁ ወደ መሀል ዙሩ፤ ማንቆርቆሪያውን ከዳሩ አንድ ጣት ያህል ገባ አድርጋችሁ፣ ክርናችሁን ወደ ጎናችሁ አስጠግታችሁ። እንጀራ ዓይን ያወጣል እንላለን፤ ዓይኑ ሲወጣ ደግሞ ትስ ትስ የሚል ደቃቅ ድምፅ አለው። ድምፁ መሀል ድረስ ሲዳረስ ክደኑት። አክንባሎውን ስትከፍቱ ከእናንተ ራቅ ያለውን ጎን አስቀድማችሁ አንሱ፤ እንፋሎቱ ወደ ማዶ ይሂድ። ዳሩ ከምጣዱ ከለቀቀ የሰፌዱ ጫፍ ሳይደናቀፍ ሥሩ ይገባል። ከተደናቀፈ ጥቂት ይቆይ።

ቡና ስትቀዱ ሲኒዎቹ በትሪ ላይ ተራርቀው ይደርደሩ። የጀበናው አፍ የሲኒውን ከንፈር ይንካ። ሲኒ ሲሞላ ድምፁ ይቀጥናል። ይህን በቀዝቃዛ ውሃ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ተለማመዱት። ጣት ከንፈሩ ላይ አድርጎ መለካት ለቀዝቃዛ መጠጥ ብቻ ነው።

ጥቂት ለሚታያችሁ፦ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዕይታው የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ቁጥራችሁ ብዙ ነው፣ ምክር የሚሰጣችሁ ግን ጥቂት ነው። ነጭ ሽንኩርትና ድንች በጥቁር መክተፊያ፣ ቀይ ሽንኩርት በነጭ መክተፊያ ክተፉ። መብራቱ ከፊታችሁ ሳይሆን ከትከሻችሁ ኋላ ይምጣ። ለማየት ብላችሁ ግን ፊታችሁን ወደ ድስት አታስጠጉ፤ እሱን ለጆሮ ተዉለት።

ነጠላና ሰፊ እጅጌ ምድጃ ዳር አይለበስም። ዘይት ከነደደ ክዳን ድፉበት፣ እሳቱን አጥፉ፣ ውሃ አታፍስሱ። እጅ ከተቃጠለ ቀለበት አውልቁና ለሃያ ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር አቆዩት፤ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይቀባም። ውሃ ከቋጠረ ሐኪም ይየው።

አብረዋችሁ ለሚኖሩ ሦስት ነገር ንገሯቸው፦ የተነሳ ዕቃ ቦታው ይመለስ፣ የቁም ሳጥን በር ተከፍቶ አይተው፣ ከኋላ የሚያልፍ «ከኋላህ ነኝ» ይበል። ገበታ ሲቀርብም «እዚህ ጋ» ከማለት ሳህኑን እንደ ሰዓት ገጽ ቆጥረው «ሽሮው 3 ሰዓት ላይ፣ ጎመኑ 6 ሰዓት ላይ ነው» ይበሏችሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት እሳት አትለኩሱ። ዕቃ ደርድሩ፣ ምልክት አድርጉ፣ ውሃ ከኩባያ ወደ ኩባያ ቅዱ፣ ቢላውን ሌላ ሰው በቀቀለላችሁ ድንች ላይ ተለማመዱ። በሁለተኛው ሳምንት ሻይ አፍሉ፣ ሽሮ ሥሩ። ምስር ወጡን ለሦስተኛው አቆዩት፤ ያን ቀን ሬዲዮውን ዝጉ፣ ስልኩን ጸጥ አድርጉ፣ ሽንኩርቱ የሚለውን አዳምጡ።