በታይ ቤተሰብ ቤት ያረፈ የውጭ ዜጋ አድራሻ፦ ማን ያስመዘግባል? መቼ? በምን ወረቀት?

ታይላንድ ውስጥ ሆቴል ያረፈ ሰው አድራሻ ስለማስመዝገብ አያስብም። እንግዳ ተቀባዩ ፓስፖርቱን ኮፒ አድርጎ ጉዳዩን ይጨርስለታል። አማቶቹ ቤት ያረፈ ሰው ግን ይህን የሚያደርግለት የለም። ቤተሰቡ ሕጉን ላያውቀው ይችላል፣ ወይም «የራሳችን ልጅ ነው፣ ምን ምዝገባ ያስፈልገዋል?» ይላል። ችግሩ የሚታየው ከወራት በኋላ ቪዛ ሊያራዝሙ መስኮቱ ፊት ሲቆሙ ነው። በዚህ ዙሪያ ከተጠየቅናቸው መካከል ለብዙ ሰው የሚጠቅሙትን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ታይ ናት። ያረፍነው ኡዶን ታኒ፣ እናቷ ቤት ነው። ማስመዝገብ ያለብኝ እኔ ነኝ፣ ባለቤቴ ወይስ አማቴ? እሳቸው ዕድሜያቸው ስለገፋ ቢሮ ለቢሮ ባናንከራትታቸው ደስ ይለናል።

መልስ፦ ግዴታው የአማትዎ ነው። በ1979 የወጣው የታይላንድ የኢሚግሬሽን ሕግ በአንቀጽ 38 እንዲህ ይደነግጋል፦ በጊዜያዊ ፈቃድ የገባ የውጭ ዜጋ ቤት ውስጥ ሲያርፍ የቤቱ ኃላፊ፣ ባለቤቱ ወይም ይዞታው በእጁ ያለ ሰው፣ እንግዳው ከደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ለአካባቢው ኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። ኢሚግሬሽን በሌለበት አካባቢ ለፖሊስ ጣቢያ ያሳውቃል። ፎርሙ ቲኤም 30 ይባላል።

የቤቱ ኃላፊ ማን እንደሆነ የሚታወቀው ታዮች «ታቢየን ባን» ከሚሉት ሰማያዊ የቤት መዝገብ ደብተር ነው። ደብተሩ ውስጥ «ጃው ባን» ተብሎ የተጻፈው ሰው እሱ ነው። ቤቱን ያሠራችሁት እርስዎና ባለቤትዎ ብትሆኑም፣ ደብተሩ ላይ ጃው ባን የተባሉት እናቷ ከሆኑ ቢሮው የሚጠይቀው የእሳቸውን ፊርማ ነው።

አማትዎ ግን ከቤት መውጣት የለባቸውም። ለባለቤትዎ ውክልና ይስጧት፤ ውክልናው ላይ የ10 ባት ቴምብር ይለጠፍበት። መጻፍ የማይችሉ ከሆነ በአውራ ጣታቸው ያትሙና ሁለት ምስክሮች ከጎኑ ይፈርሙ፤ የታይ ፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን እንደ ፊርማ ይቆጥረዋል። ባለቤትዎ ይዛ የምትሄደው፦ የተሞላውን ቲኤም 30፣ የእናቷን መታወቂያ ኮፒ፣ የሰማያዊውን ደብተር ኮፒ፣ የራሷን መታወቂያ ከነኮፒው፣ እንዲሁም የእርስዎን ፓስፖርት ፎቶ ያለበት ገጽ፣ የቪዛውን ገጽና የመጨረሻውን የመግቢያ ማህተም ኮፒ ነው። ቪዛ አራዝመው ከሆነ የማራዘሚያው ማህተምም ይጨመር።

ሰው ሁለት ጊዜ የሚመላለሰው በኮፒዎቹ ምክንያት ነው። ከደብተሩ ሁለት ገጽ ያስፈልጋል፤ አንዱ አድራሻው ያለበት፣ ሌላው የጃው ባኗ ስም ያለበት። ብዙዎች የመጀመሪያውን ብቻ ይዘው ይሄዳሉ። ደግሞም እያንዳንዱ ኮፒ ላይ የሰነዱ ባለቤት በታይኛ «ሳምናው ቱክ ቶንግ» ብሎ መፈረም አለበት፤ ኮፒው ትክክል ነው ማለት ነው። ታዮች በመታወቂያ ኮፒ ላይ ሁለት አግድም መስመር አስምረው በመካከሉ «ለኢሚግሬሽን ምዝገባ ብቻ» ብለውም ይጽፋሉ። ይህ ኮፒው ለብድር ወይም ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል ስለሚከላከል ለአማትዎ ብታደርጉላቸው መልካም ነው።

ሠራተኛው ሲጨርስ ከፎርሙ ግርጌ ያለውን ቁራጭ ማህተም መትቶ ይመልሳል፤ አብዛኛውን ጊዜም ፓስፖርቱ ላይ በስቴፕለር ያያይዘዋል። ይህችን ቁራጭ አትጣሏት። ወዲያውኑ በስልክዎ ፎቶ ያንሷት።

ጥያቄ፦ 24 ሰዓቱ ካለፈ ቅጣቱ የማን ነው? ስንት ነው?

መልስ፦ በሕጉ አንቀጽ 77 መሠረት የቤቱ ኃላፊ እስከ 2,000 ባት ይቀጣል። ብዙ ቢሮዎች 800 ወይም 1,600 ባት ሲያስከፍሉ ይታያል፤ አንዳንዶቹም ያልፋሉ። በወረቀት ቅጣቱ የአማት ነው፤ ጉዳዩ የሚጓተተው ግን የእንግዳው ነው። ቲኤም 30 ያልተመዘገበለት ሰው ቪዛ ሊያራዝም ወይም የ90 ቀን ሪፖርት (በየ90 ቀኑ አድራሻን ማሳወቅ) ሊያደርግ ሲሄድ «መጀመሪያ አድራሻህን አስተካክል» ተብሎ ይመለሳል። የቪዛው መጨረሻ ቀን ከደረሰ ያ አንድ ቀን ከባድ ነው፤ ፈቃድ ያለፈበት ቆይታ በየቀኑ 500 ባት ያስቀጣልና። ስለዚህ «ግዴታው የእሳቸው ነው» ብለው አይቀመጡ። በደረሱ ማግስት ጠዋት እርስዎ ራስዎ ያስታውሱ።

ዘግይቶብዎት ከሆነም ቪዛ በሚያራዝሙበት ቀን ሳይሆን ከዚያ ሳምንታት ቀድመው ይሂዱ። በፈቃዱ የመጣ ሰውና በሌላ ጉዳይ መጥቶ የተደረሰበት ሰው እኩል አይስተናገዱም።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት ማስመዝገብ ይቻላል? የደረስነው ቅዳሜ ማታ ነው።

መልስ፦ ይቻላል፤ ለቅዳሜና እሑድ ዋናው መፍትሔም እሱ ነው። የሚከፈተው ግን የቤቱ ኃላፊ አካውንት እንጂ የእንግዳው አይደለም። ጃው ባኗ በስሟ ትመዘገባለች፣ የቤቱን አድራሻ ታስገባለች፣ መታወቂያዋንና ደብተሩን ፎቶ አንስታ ትጭናለች፤ ከዚያ ቢሮው እስኪያጸድቅ ትጠብቃለች። የሚዘገየው ይኼኛው ክፍል ስለሆነ እንግዳው ከመምጣቱ በፊት፣ ትኬት በተቆረጠበት ሳምንት አካውንቱን ከፍቶ ማስጸደቅ ብልህነት ነው። አንዴ ከጸደቀ በኋላ እንግዳ መጨመር የደቂቃዎች ሥራ ነው፦ ስም፣ ዜግነት፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የመጣበት ቀን፣ የሚቆይበት ጊዜ። ሲጨርሱ የምዝገባውን ገጽ አትመው ያስቀምጡ።

ምዝገባው ነፃ ነው። ክፍያ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ የመንግሥት አይደለም፤ የመንግሥቱ አድራሻ መጨረሻው «go.th» (ጎ ነጥብ ቲኤች) ነው። ለጥያቄ የኢሚግሬሽን ቢሮው የስልክ መስመር 1178 ነው።

ጥያቄ፦ ከመምጣቴ በፊት ዲጂታሉን የመግቢያ ካርድ ሞልቼ የባለቤቴን ቤት አድራሻ ጽፌያለሁ። ያ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ከሜይ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ዲጂታል ካርድ የመግቢያ መረጃ ነው፤ የሚሞላውም እንግዳው ነው። ቲኤም 30 ደግሞ ቤቱ «እንግዳው እኔ ጋ ደርሷል» ብሎ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ጥያቄ፦ ቲኤም 30 ካስመዘገብኩ የ90 ቀኑ ሪፖርት ለምን ያስፈልጋል? ሁለቱ ይምታቱብኛል።

መልስ፦ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል፤ ቅጣት የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ቲኤም 30 የቤቱ ግዴታ ሲሆን የሚሞላው ሲደርሱ ነው። የ90 ቀኑ ሪፖርት፣ ቲኤም 47፣ የእርስዎ የራስዎ ግዴታ ነው። ሳይወጡ ሳይገቡ 90 ቀን የቆዩ እንደሆነ «አሁንም እዚህ አድራሻ ነኝ» ብለው ያሳውቃሉ፤ ከዚያም በየ90 ቀኑ። ከአገር ወጥተው ሲመለሱ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል።

በምሳሌ እንየው። ጃንዋሪ 10፣ 2026 የገባ ሰው የገባበትን ቀን አንድ ብሎ ሲቆጥር ጃንዋሪ 22 ቀን ይሰጠዋል፣ ፌብሩዋሪ 28፣ ማርች 31፤ ድምሩ 81። ስለዚህ 90ኛው ቀን ኤፕሪል 9 ነው። በአካል ለሚሄድ ሰው በሩ የሚከፈተው ከቀኑ 15 ቀን ቀድሞ፣ ማርች 25 ሲሆን ከቀኑ በኋላም 7 ቀን ይታገሡታል፤ ይኸውም እስከ ኤፕሪል 16። ሆኖም ከኤፕሪል 13 እስከ 15 ሶንግክራን፣ የታዮች አዲስ ዓመት ነው፤ ቢሮ ዝግ ነው። 11 እና 12 ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ናቸው። ሰባቱ የይቅርታ ቀናት ሁለት የሥራ ቀን ብቻ ሆኑ ማለት ነው፤ ዐርብ 10 እና ሐሙስ 16። በመጨረሻው ላይ የሚሮጥ ሰው የሚወድቀው እንዲህ ዓይነቱ ሳምንት ላይ ነው። ማርች መጨረሻ ላይ ይጨርሱት።

የመጀመሪያውን ሪፖርት፣ እንዲሁም ፓስፖርት ከቀየሩ በኋላ ያለውን፣ በአካል ሄደው ያድርጉ። ቀጣዮቹ በኢንተርኔት ይቻላሉ። ዘግይተው በፈቃድዎ ከሄዱ የተለመደው ቅጣት 2,000 ባት ነው፤ የሕጉ ጣሪያ 5,000 ባት ሲሆን በዚያ ላይ በየቀኑ እስከ 200 ባት ሊጨመር ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀን እንናገር፦ የ90 ቀን ሪፖርት ቪዛ አያራዝምም። ሪፖርት ሲያደርጉ በሚሰጥዎት ቁራጭ ላይ የተጻፈው ቀን የሚቀጥለው ሪፖርት ቀን እንጂ የቆይታ ፈቃድዎ ማብቂያ አይደለም። ያንን ከፓስፖርቱ ማህተም ላይ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ለአራት ቀን ቺያንግ ማይ ሄደን ሆቴል አድረን ተመለስን። አማቴ እንደገና ያስመዝግቡኝ?

መልስ፦ ከጁን 30፣ 2020 ጀምሮ ነገሩ ቀሏል። አንዴ የተመዘገበ ሰው ለጊዜው ሌላ ቦታ አድሮ፣ የቆይታ ፈቃዱ ሳያልቅ ወደዚያው ቤት ከተመለሰ እንደገና ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ከአገር ወጥቶ በመመለሻ ፈቃድ ወይም ደጋግሞ በሚያስገባ ቪዛ ወደዚያው ቤት ለተመለሰም እንዲሁ ነው። በአዲስ ቪዛ ወይም በአዲስ የመግቢያ ፈቃድ ከገቡ ግን አዲስ ምዝገባ ያስፈልጋል።

ሕጉ ይህ ቢሆንም ሆቴሉም እርስዎን አስመዝግቧልና ኮምፒውተሩ ላይ የመጨረሻ አድራሻዎ የቺያንግ ማዩ ሆቴል ሆኖ ሊታይ ይችላል። አንዳንድ ቢሮ ይህን ሲያይ አዲስ ቲኤም 30 ይጠይቃል። ጃው ባኗ የኢንተርኔት አካውንት ካላት ክርክር ውስጥ ከመግባት እንደገና መመዝገቡ ይቀላል፤ በተለይ ቪዛ የሚያራዝሙበት ቀን ከቀረበ።

ጥያቄ፦ ሰማያዊው ደብተር አሁንም በሟቹ በባለቤቴ አባት ስም ነው። ማን ይፈርማል?

መልስ፦ ጃው ባን ማለት የመሬቱ ባለቤት ማለት አይደለም፤ ደብተሩም የባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም። በታይ የነዋሪዎች ምዝገባ ሕግ ጃው ባኑ ከሞተ ወይም ከሌለ፣ በወቅቱ ቤቱን የሚያስተዳድረው ሰው በቦታው ይቆጠራል። ይሁንና ይህን መስኮት ላይ ቆሞ ከማስረዳት ባለቤትዎ ወይም እናቷ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ታዮች «አምፐ» ወደሚሉት ሄደው የጃው ባኑን ስም ቢያስቀይሩ ይሻላል። ቤቱ ኪራይ ከሆነ ተከራዩ ይዞታው በእጁ ያለ ሰው ስለሆነ በኪራይ ውሉ ማስመዝገብ ይችላል።

ጥያቄ፦ እናቴ ለሁለት ሳምንት ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ትመጣለች። እሷም መመዝገብ አለባት? ልጆቻችንስ?

መልስ፦ ለእናትዎ አዎ፤ አንድ ሌሊትም ሁለት ሳምንትም ሕጉ አይለይም። ልጆቹ በታይ ፓስፖርት ከገቡ ታይ ናቸው፣ አይመለከታቸውም። በውጭ ፓስፖርት ከገቡ ግን እንደ ውጭ ዜጋ ይቆጠራሉ፤ እነሱም ይመዝገቡ።

ጥያቄ፦ ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ምን እንጻፍ?

መልስ፦ የራስዎን ስሌት ይተዉት፤ ፓስፖርቱ ፎቶ ካለበት ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት የማሽን መስመሮች ይመልከቱ። በመጀመሪያው መስመር ከአገሩ ምልክት ቀጥሎ፣ ሁለት ተከታታይ የቀስት ጭረቶች (<<) እስኪመጡ ድረስ ያለው ስም ለእነሱ «የቤተሰብ ስም» ነው። ከጭረቶቹ በኋላ ያለው መጠሪያ ስም ነው። እንዳለ ይገልብጡት። በመግቢያው ካርድ አንድ ዓይነት፣ በቲኤም 30 ሌላ ዓይነት ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርግዎታል፤ የ90 ቀኑን ሪፖርት በኢንተርኔት ሲሞክሩም «አልተገኘም» ይላል።

ቀኖቹም እንዲሁ። እኛ ጥር 2 ቀን 2018 የምንለው ዕለት ማህተሙ ላይ ጃንዋሪ 10፣ 2026 ነው፤ ታዮቹ ዘንድ ደግሞ ዓመቱ 2569 ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር 543 ዓመት ይጨመራልና። ለእንግዳው የሚጻፈው በፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው። የአማትዎ የልደት ዘመን ግን መታወቂያቸው ላይ እንደሰፈረው፣ በታይ ዓመት ከተጠየቀ በታይ ዓመት ይጻፍ። ዓመቱ በሁለት ዓይነት የተጻፈበት ፎርም ከመስኮቱ ይመለሳል፤ ከመስጠትዎ በፊት አራት አሃዞቹን አንድ በአንድ ያነጻጽሩ።