ቅቤው የቀነሰ ዶሮ ወጥ

ጥያቄ፦ እናቴ ኮሌስትሮሏ ከፍ ብሏል ተብላ ቅቤና ዘይት እንድትቀንስ ሐኪም አዟታል። በዓል ደግሞ ያለ ዶሮ ወጥ አይሆንላትም። ጣዕሙ ሳይጠፋ ቅባቱን እንዴት ልቀንስ? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ወጡን ወጥ የሚያደርገው ቁሌቱ ነው። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ከትፈሽ አድቅቂ። ዘይት ሳትጨምሪ በደረቁ ድስት አቁላዪው። መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያወጣል። ውሃው መጥጦ ድስቱን ሊይዝ ሲል የፈላ ውሃ ጠብ እያደረግሽ አማስዪ። ሟሽሾ ጠየም እስኪል አትቸኩዪ፤ አንድ ሰዓትም ይፍጅ። ከዚያ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬው። እዚህ ላይ አደራ! ቅቤ ያነሰው ወጥ በርበሬው በደንብ ካልበሰለ ወዲያው ያሳብቃል፤ ጥሬ ጥሬ ይላል።

ዶሮውን ስትበልቺ ቆዳውንና ከሥሩ ያለውን ቢጫ ስብ ሙልጭ አድርገሽ አውጪ።

ቅቤውን ጨርሶ ተዪው አልልሽም። የኮረሪማውና የኮሰረቱ መዓዛ ያለው እሱ ውስጥ ነው። 1 የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ፣ ከመከለሻው ጋር፣ ልታወጪው ስትይ ጨምሪ። ቀድሞ ከገባ መዓዛው እሳት ላይ ያልቃል። ለቤተሰቡ ሲካፈል ለእናትሽ የሚደርሳት ጥቂት ነው። የእንቁላሉን አስኳል ግን ሐኪሟን ጠይቂላት።

አይቡን አትከልክያት። የአገር ቤት አይብ የሚሠራው ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሆነ ቅባቱ አነስተኛ ነው። ብቻ ቅቤ ጣል እንዳታደርጊበት።