ሲጋሩ ስቆርጠው ተፈታ፣ ስለኩሰው ባንድ ጎኑ ነደደ

ጥያቄው የመጣው ከሜሪላንድ ነው። ጠያቂው በሚቀጥለው ወር ለጓደኛው ዋና ሚዜ ነው። ለሚዜዎቹ ብሎ 20 ፍሬ የሚይዝ የሮቡስቶ፣ ማለትም አጠር ወፈር ያለ ሲጋር፣ ሣጥን ገዛ። መቁረጫና ላይተር ደግሞ በኢንተርኔት አዘዘ። «ጋሼ፣ ቀድሜ ልለማመድ ብዬ ሁለት አወጣሁ። የመጀመሪያውን ስቆርጠው የላይኛው ቅጠል እየተላቀቀ አፌ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ባንድ ጎኑ ብቻ ነደደ፣ ግማሽ ሳይደርስ መረረኝ፣ ራሴንም አዞረኝ። ችግሩ የሲጋሩ ነው ወይስ የኔ?» ይላል።

የሲጋሩ አይደለም ወንድሜ። ብዙ ቆርጠሃል፣ ከዚያ ደግሞ እንደ ሲጋራ ቸኩለህ ለኩሰሃል። እኔ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ሲጋር ሱቅ ነው የምሠራው። አዲስ ገቢው ሁሉ እነዚህኑ ሁለት ነገሮች ይዞ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ቅጠሉ ለምን እንደተፈታ እንይ። ሲጋር ሦስት ነገር ነው፦ የውስጡ ሙሌት፣ እሱን የሚያስረው ቅጠልና ላዩ ላይ የሚጠቀለለው ቀጭኑ ቅጠል። ይሄ የላይኛው ከእግሩ፣ ማለትም ከሚለኮሰው ጫፍ፣ ተነስቶ እየዞረ ወደ አናቱ፣ አፍ ውስጥ ወደሚገባው ጫፍ፣ ይወጣና እዚያ ያልቃል። እዚያ እንዳይፈታ ትንሽ ክብ ቅጠል ጣዕም በሌለው የዕፅዋት ሙጫ ይለጠፍበታል። ቆብ በለው። የምትቆርጠው እሱን ነው፣ እሱንም ቢሆን ጫፉን ብቻ። ሲጋሩን ወደ ብርሃን አቅርበህ ስታየው ዙሪያውን ቀጭን መስመር ታያለህ፣ የቆቡ መጨረሻ እሱ ነው። የኩባ አሠራር የሚከተሉት ላይ እንዲያውም ሁለት ሦስት መስመር ተደራርቦ ይታያል። ከታችኛው መስመር ካለፍክ ጥቅልሉን የያዘውን ነገር በገዛ እጅህ አነሳኸው ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ቅጠሉ አፍህ ውስጥ ቢገባ አይገርምም። ልኩ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አናቱ ክብ ሆኖ ወርዶ ቀጥ ማለት የሚጀምርበት ትከሻ አለ አይደል፣ ከሱ በላይ ቁም።

በዓይንህ መገመት ካቃተህ ይህን ሞክር። ባለ ሁለት ስለቱን መቁረጫ ከፍተህ ጠረጴዛ ላይ አስተኛው። ሲጋሩን ባናቱ ዘቅዝቀህ ጠረጴዛውን እስኪነካ ቀዳዳው ውስጥ አቁመው፣ ከዚያ ዝጋ። ከመቁረጫው ውፍረት በላይ መግባት ስለማይችል ብዙ ልቁረጥ ብትልም አይሆንልህም። ስትዘጋ ስለቶቹን መጀመሪያ ቆቡ ላይ አሳርፍ፣ ከዚያ ባንድ ጊዜ ቀጭ። ቀስ ብለህ ከጨመቅከው አናቱ ይጨፈለቅና ይሰነጠቃል። ባለ አንድ ስለቱ ርካሽ መቁረጫም ይሄው ጣጣ አለበት። የወጥ ቤት ቢላዋና መቀስ ይቅሩ፣ ጥርስማ አይነሳም።

መብሻ የሚባለውም አለ። ቆቡን መሀል ለመሀል ክብ አድርጎ ይበሳል እንጂ ዳሩን አይነካም፣ ስለዚህ ቅጠል የሚፈታበት ዕድል ትንሽ ነው። ሮቡስቶ ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ 50 ነው፣ ማለትም 50/64 ኢንች፣ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር። ለመብሻ በቂ ነው። ጫፉ ለሾለ ሲጋር ግን መብሻ አይሆንም።

ከቆረጥክ በኋላ ሳትለኩስ አንድ ጊዜ ሳብ አድርገው። አየሩ ሳይታገልህ መግባት አለበት። ከጠበበ ትንሽ ጨምረህ ትቆርጣለህ፣ አንዴ የተቆረጠ ቆብ ግን አይመለስም።

አንድ ሌላ የምጠረጥረው ነገር አለ። ሣጥኑን ቤት ውስጥ እንዲሁ አስቀምጠኸው ከሆነ ደርቆ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ማሞቂያ በሚበራበት ወቅት። በሁለት ጣትህ ቀስ ብለህ ጫን በለው። ትንሽ ሰርጎ ከተመለሰ ጥሩ ነው። ተንኮሻኮሸ ማለት ደርቋል፣ የደረቀ ቅጠል ደግሞ በጥሩ ስለትም ይሰነጠቃል። ሲጋር የሚወደው እርጥበት ከ65 እስከ 70 ፐርሰንት ነው። ሁሚዶር፣ የሲጋር እርጥበት የሚጠብቀውን ሣጥን፣ ግዛ አልልህም፣ ለአንድ ሠርግ አያስፈልግህም። ጥብቅ ብሎ የሚከደን የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ባለ 69 የእርጥበት ከረጢት፣ ቦቬዳ የሚሉትን፣ ጨምርበትና እስከ ሠርጉ ይቀመጥ። ፍሪጅ ውስጥ እንዳታስገባው፣ ያደርቀዋል። በውሃ ማርጠብ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

አሁን ወደ እሳቱ። የቤንዚን ላይተር አትጠቀም፣ ሽታው ቅጠሉ ውስጥ ይቀራል። ሻማም እንደዚያው። ጋዝ ላይተር፣ ማለትም ቡቴን የሚሞላው፣ ይሻላል። ክብሪት ከሆነ ረጅም ይሁን፣ ራሱ ላይ ያለው ነገር ተቃጥሎ እስኪያልቅና እንጨቱ ብቻ እስኪነድ ጠብቅ።

ያንተ ላይተር እየጮኸ ሰማያዊ እሳት የሚተፋው ቶርች ነው መሰለኝ። የሱ እሳት ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው። ቀጥታ ከነካው ቅጠሉን ያከስለዋል፣ ከሰል ደግሞ መራራ ነው። የመረረህ ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ ሲጋሩን ገና አፍህ ውስጥ ሳታስገባ በእጅህ ዘንበል አድርገህ ያዘው፣ እሳቱን ከእግሩ በታች ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር አርቀው። እንዲነካው የምትፈልገው ወላፈኑ ብቻ ነው። ከዚያ ቡና ስትቆላ እንደምታማስለው ሳታቋርጥ አዙረው። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ መሀሉ፣ ከዚያ ትንንሽ ፍም ብቅ ብቅ ይላል። ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ አትደንግጥ። ያኔ አፍህ ውስጥ አስገባውና እሳቱን አሁንም ሳታስነካ እያዞርክ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብለህ ሳብ።

ጨረስኩ ብለህ ላይተሩን ኪስህ አትክተት። ሲጋሩን አዙረህ እግሩ ላይ እፍ በልበት። ሙሉ ክቡ ከቀላ ተሳክቷል። አንዱ ጎን ጥቁር ሆኖ ከቀረ ባንድ ጎን መንደድ የሚጀምረው ከዚያ ነው፣ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ወላፈኑን ትንሽ ጨምርላት። እየጠጣኸው መንገድ ላይ ቢዛነፍም እንዲሁ ነው፣ የዘገየውን ጎን ትነካካዋለህ። ትንሽ መዛነፍ ከሆነ ግን ተወው፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይስተካከላል። ውጭ ከሆናችሁ ነፋሱንም አስብ፣ ነፋስ የሚመታው ጎን ሁሌም ይቀድማል።

ራስህን ያዞረህ ደግሞ ከአሳሳብህ ነው። ባንድ ደቂቃ አንድ ጊዜ መሳብ ይበቃል። ቶሎ ቶሎ ከሳብከው ይግላል፣ ሲግል ይመራል። ጭሱ አፍህ ውስጥ ቆይቶ ይውጣ፣ ወደ ሳንባ አይሳብም። ኒኮቲኑ በአፍ በኩልም ይገባል፣ ትልቅ ሲጋር ውስጥ ደግሞ የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊኖር ይችላል። ባዶ ሆድ ከሆንክ ያቅለሸልሻል፣ ያዞራል። በልተህ ጀምር፣ ካዞረህ አስቀምጠውና ስኳር ያለው ለስላሳ ጠጣ። ሲጋር እሸጣለሁ ብዬ አልዋሽህም፣ «ሳንባ አይገባምና አይጎዳም» የሚባለው ውሸት ነው፣ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል። ከሚዜዎቹ አልፈልግም ያለውን አትጎትጉተው። ዕድሜያቸው 21 ካልሞላ ደግሞ መስጠቱንም እርሳው።

ስለ ቀኑ ከጠየቅከኝ እኔ ለመልሱ ማታ ባደርገው እመርጣለሁ። በሠርጉ ዕለት ሚዜ እስክስታ ላይ ነው፣ ሲጋሩ በየደቂቃው ይጠፋበታል፣ አመዱ ሱፍ ላይ ይራገፋል። ነጠላና ቬል ባለበት ቶርች ይዞ መዞርም አይታየኝም። አዳራሹ ውጭ የማጨሻ ቦታ እንዳለው ቀድመህ ጠይቅ። የሁሉንም አንተ ቁረጥ፣ ቀምሶ ሞቅ ላለው ሰው መቁረጫ አይሰጥም። ላይተሩን ከቤት ሳትወጣ ሙላው፦ መሙያውን ጫን ብለህ የቀረውን አየር አስወጣ፣ ዘቅዝቀህ ሙላ፣ ከመለኮስህ በፊት ጥቂት ደቂቃ አቆየው። ቀለበቱን፣ ማለትም ስም ያለበትን ወረቀት፣ ገና ሲጀመር እንዳይልጡት ንገራቸው። ሙጫው ሲሞቅ ይለቅቃል፣ በግድ ሲላጥ ግን ቅጠሉን ይዞ ይቀደዳል።

ቢጠፋ አመዱን አራግፍ፣ በአናቱ በኩል አንድ ጊዜ ወደ ውጭ ንፋ፣ እንደ መጀመሪያው በወላፈን ለኩስ። ሲበቃህ ደግሞ እንደ ሲጋራ አትደፍጥጠው፣ ሽታው ሌላ ነው። መተርኮሻው ላይ አስቀምጠህ ተወው፣ ካልተሳበ ራሱ ይጠፋል። አዳራሹን ስትለቁ ቁራጮቹን ውሃ ጨምርባቸውና ውጭ ጣላቸው፣ ውስጡ ፍም የቀረ ቁራጭ ወረቀት የሞላበት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይገባም።