ጨሞጋ ሞልቶ እያለ መግባት እምነት ነው?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደብረ ማርቆስ አጠገብ ነው የምኖረው። ቤታችን ከጨሞጋ ወዲህ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከወንዙ ማዶ ነው። በፍልሰታ ወንዙ ቢሞላም «እመቤቴ ታሻግረኛለች» ብዬ እገባለሁ። የሰፈር ልጆችም ይከተሉኛል። ታላቅ ወንድሜ «ይሄ ድፍረት እንጂ እምነት አይደለም» ይለኛል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ለቅዳሴ መጓጓትህ ደስ ይላል። በዚህ ግን ወንድምህ ልክ ነው።

ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 14ን አንብበው። እስራኤል የሰላዮቹን ወሬ ሰምተው ፈሩ፤ ከነዓን አንገባም ብለው አለቀሱ። እግዚአብሔርም 40 ዓመት በምድረ በዳ ትቅበዘበዛላችሁ አላቸው። በነጋታው እነዚያው ፈሪዎች ጀግና ሆነው አረፉት! እንወጣለን አሉ። ሙሴ እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር የለምና አትውጡ ቢላቸው አልሰሙም። ደፍረው ተራራውን ወጡ። ሙሴም ታቦቱም ከሰፈር አልተነቃነቁም። አማሌቃውያንና ከነዓናውያን ወርደው መቷቸው፤ እስከ ሔርማ ድረስ አሳደዷቸው። ትናንት ሂዱ ሲባሉ ቀሩ፣ ዛሬ ቅሩ ሲባሉ ሄዱ። ፈሪም ደፋርም ያደረጋቸው አለመስማታቸው ነው።

«ጴጥሮስስ በባሕር ላይ ሄዶ የለም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ሄዷል። ግን መጀመሪያ «እዘዘኝ» አለ፤ ጌታም «ና» አለው። አንተን ማን «ና» አለህ? ዲያብሎስም ጌታን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው የጠቀሰው ከመዝሙረ ዳዊት ነው። ጌታ ግን «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰለት። ጥቅስ ይዞም ገደል ይገባል፣ ልጄ።

ጨሞጋን ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። እናንተ ጋ ፀሐይ ወጥቶ እንኳ ጮቄ ተራራ ላይ ዝናብ ከጣለ ደራሽ ጎርፍ ይመጣል። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ የምትረግጠው አይታይህም፤ ከሥር ድንጋይ ይንከባለላል። ለመቁረብ 18 ሰዓት የጾመ ጉልበት ደግሞ ያን አይችልም።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ማዶ ቆመው «አይ ወንድ!» የሚሉህ ባይኖሩ ትገባ ነበር? እኛ ጎጃሞች መቼም ፉከራ ነፍሳችን ነው።

የሚሻለው ይሄ ነው። ነሐሴ 1 ጾሙ ሳይገባ፣ ወንዙ ጎደል ሲል ተሻገርና እዚያው ደብሩ ሱባኤ ያዝ። ካልተመቸህ ቢረዝምም በድልድይ ዙር። ሞልቶ ከቀረህ ደግሞ ቤትህ ሆነህ ውዳሴ ማርያም ድገም፤ ለንስሐ አባትህም ንገራቸው። ወንዝ ሞልቶበት ቀረ ብለው የሚቆጡህ አይመስለኝም። ተከትለውህ የሚገቡትን ልጆች ግን ከዛሬ ጀምረህ መልሳቸው።